«ሰፈሩ ውስጥ ማን ሞቶ ነው?»

ከለንደን ወጣ ባለ ጸጥተኛ መንደር መኖር ምን ይመስላል?

እናቴ እንግሊዝ አገር በገባች ማግስት ጠዋት የሳሎኑን መጋረጃ ገለጥ አድርጋ መንገዱን ለረጅም ጊዜ ስታይ ቆየች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ልጄ፣ ሰፈሩ ውስጥ ማን ሞቶ ነው?» አለችኝ።

ማንም አልሞተም። ተራ ማክሰኞ ነበር። ሠራተኛው ወደ ሥራው፣ ተማሪው ወደ ትምህርት ቤቱ ሄዷል፤ የቀረው በሩን ዘግቶ ተቀምጧል። እናቴ ግን ዕድሜዋን የኖረችው በሌሊት የቅዳሴው ድምፅ፣ ሲነጋ የቆራሌው ጥሪ፣ ቀጥሎ የታክሲ ረዳቱ ጩኸት ተራ ይዘው በሚገቡበት የአዲስ አበባ ሰፈር ነው። ሰፈር በጠራራ ቀን እንዲህ ጭር ካለ ለእሷ ትርጉሙ አንድ ብቻ ነው።

እርስዎ ደግሞ ምናልባት ያንን ጩኸት የሰለቹ ይሆናል። ከጎንዎ የሚገነባው ፎቅ አላልቅ ብሎ፣ ልጆችዎ ከግቢ ወጥተው የሚጫወቱበት ቦታ ጠፍቶ፣ ማታ ማታ የእንግሊዝ መንደሮችን ፎቶ በስልክዎ እያዩ «እንዲህ ያለ ቦታ ልጅ ማሳደግ ነበር» ብለው ያውቁ ይሆናል። ወይም ለንደን ያለ ዘመድዎ «ከከተማው ወጣ ልንል ነው» ብሎ አማክሮዎት ይሆናል። እኛ ወጣ ካልን ሰባት ዓመት ሆኖናል። ስለዚህ ደጉንም ክፉውንም ላጫውትዎት።

ከተማም ያልሆነ፣ ገጠርም ያልሆነ

ያለንበት አካባቢ ቺልተርን ይባላል። ከለንደን በስተ ሰሜን ምዕራብ የተዘረጋ፣ ደን የለበሰ የኮረብታ አገር ነው። ሜሪልቦን ከሚባለው የለንደን ጣቢያ ተሳፍረው አንድ ሰዓት ሳይሞላ ይደርሳሉ። ገጠር ነው እንዳይሉ፣ ብዙዎቹ ጎረቤቶቼ ጠዋት በዚያው ባቡር ተሳፍረው ለንደን ቢሮ ይገባሉ። ከተማ ነው እንዳይሉ፣ ከጓሮ አጥራችን ወዲያ በግ ይግጣል።

ከጣቢያው ወርደው አብረውኝ ይራመዱ። ግድግዳቸው በቀይ ጡብና በባልጩት ድንጋይ የተሠራ ዝቅ ዝቅ ያሉ ቤቶች ያያሉ። አሮጌ ቤተ ክርስቲያን፣ በግቢው ውስጥ ዘመም ያሉ የመቃብር ድንጋዮች፣ ማዶው መጠጥ ቤት። ቀዩ የስልክ ሳጥንም አለ፤ ስልክ ግን የለውም። ቢቲ የተባለው የስልክ ኩባንያ ከ2008 ወዲህ (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ይቁጠሩልኝ) የማይሠሩትን ሳጥኖች በ1 ፓውንድ ለመንደሮች ያስረክባል። የእኛዎቹ ልቡ ለቆመ ሰው ንዝረት የሚሰጥ የኤሌክትሪክ መሣሪያ ሰቅለውበታል። ሌሎች መንደሮች የመጻሕፍት መደርደሪያ አድርገውታል፤ አንብበው ይመልሳሉ፣ ወይም ሌላ ይተኩበታል።

ትንሽ አለፍ ሲሉ አንድ ቤት በር ላይ እንቁላል ተደርድሮ ያገኛሉ። ሻጭ የለም። ዋጋው በወረቀት ተጽፏል፤ ከጎኑ ክዳኑ የተበሳ ጣሳ አለ። እንቁላሉን ያነሳሉ፣ ሳንቲሙን ይጥላሉ፣ ይሄዳሉ። እናቴ የመጀመሪያ ቀን ይህን ስታይ ቆማ ግራና ቀኝ ተመለከተች። «ካሜራ አለው?» አለች። የለውም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ብዙም ፍላጎት ሳይኖረን እንቁላል የምንበላ ቤተሰብ ሆንን፤ እሷ ያንን ጣሳ ሳንቲም ሳትጨምርበት ማለፍ አልሆነላትም።

ቀና ካሉ ደግሞ ጭልፊት ያያሉ። እኛ አገር በሥጋ ቤት አናት ላይ ከሚያንዣብበው ጋር ዘመድ ነው፤ ይኼኛው ቀላ ያለ፣ ጅራቱ የተሰነጠቀ ነው። ዝም ብሎ እዚህ የተገኘ ወፍ እንዳይመስልዎት። እንግሊዞች አድነው ከምድራቸው ጨርሰውት ነበር። ከ1989 እስከ 1994 ድረስ ከስፔን አስመጥተው እዚሁ ቺልተርን ላይ ለቀቁት፤ ዛሬ ሰማዩ የእሱ ሆኗል።

ወፉን ያነሳሁት ለወሬ ማሳመሪያ አይደለም። እዚህ የሚያዩት ነገር ሁሉ ከጥንት እንዲሁ የነበረ ይመስላል። ሜዳው፣ የቁጥቋጦ አጥሩ፣ ጸጥታውም ጭምር። ሰባት ዓመት ከኖርኩ በኋላ የገባኝ ግን፣ ጸጥታው ራሱ ሰው አስቦ የሠራውና በየቀኑ የሚጠብቀው ነገር መሆኑ ነው። የሚያስከፍለውም አለ።

ጸጥታውን ማን ሠራው?

ለንደን ለምን ተስፋፍታ ይህን መንደር አልዋጠችውም? አዲስ አበባ የካን፣ ሰበታን፣ ለገጣፎን እንዴት እንደደረሰችባቸው ላየ ሰው ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ሕግ ነው። በ1947 የወጣው የከተማና የገጠር ፕላን ሕግ ማንም ሰው መሬት ስላለው ብቻ እንደልቡ እንዳይገነባ፣ መጀመሪያ ፈቃድ እንዲጠይቅ አደረገ። በለንደን ዙሪያም «አረንጓዴ ቀበቶ» የሚሉት፣ ከ500 ሺህ ሄክታር በላይ የሚሰፋ መሬት አለ፤ እዚያ ውስጥ አዲስ ቤት መሥራት እጅግ ከባድ ነው። ቺልተርን በዚህ ላይ ከ1965 ጀምሮ በተፈጥሮ ውበቱ ምክንያት የተከለለ አገር ነው።

በእርሻው መካከል የሚያልፈው የእግር መንገድም በሕግ ይጠበቃል። መሬቱ የገበሬው ነው፤ የማለፍ መብቱ ግን የእርስዎ ነው። በ1949 የወጣ ሕግ እነዚህ መንገዶች ሁሉ በካርታ ላይ እንዲሰፍሩ አዝዟል። ስለዚህ እሁድ ከሰዓት ቦቲ ጫማዎን አጥልቀው፣ ልጆችዎን አስከትለው የሰው ስንዴ መሃል በቀጭኑ መንገድ ሲያልፉ ማንም «ወዴት ነው?» አይልዎትም። ከሁሉም በላይ የምወደው ይህን ነው።

ሕጉ በወረቀት ላይ ብቻ ቢቀር ኖሮ ግን ብዙም አይቆይም ነበር። ቦርዱ ላይ ማስታወቂያ የሚለጥፈው፣ ለሕዝብ መቀመጫ የሚሆነውን አግዳሚ ወንበር የሚያስጠግነው፣ «እዚያ ጋ ቤት ሊሠራ ነው» ሲባል ደብዳቤ የሚጽፈው በ1894 በወጣ ሕግ የተቋቋመው የአጥቢያ ምክር ቤት ነው። አባላቱ አብዛኛውን ጊዜ ደመወዝ የሌላቸው የሰፈር ሰዎች ናቸው። እንዳይንቋቸው። ኤችኤስ ቱ የተባለው ፈጣን ባቡር በዚህ በኩል ያልፋል ሲባል ተቃውሞው ከበረታባቸው ቦታዎች አንዱ ቺልተርን ነበር፤ ባቡሩ አልቀረም፣ ነገር ግን 16 ኪሎ ሜትር ያህሉ መስመር ከኮረብታው ሥር በዋሻ እንዲያልፍ ተደርጓል።

ያልተጻፈው ደግሞ ከተጻፈው ይበልጣል። እሁድ ጠዋት ሣር በማሽን አይታጨድም። ሰው ቤት ሳይደውሉ አይኬድም። የቆሻሻ ማጠራቀሚያው በወጣበት ቀን ማታ ወደ ግቢ ይመለሳል። አጥር ደግሞ የዋዛ ነገር አይደለም። ዓመቱን ሙሉ የሚለመልም የቁጥቋጦ አጥርዎ ከ2 ሜትር አልፎ የጎረቤትዎን ብርሃን ከጋረደ፣ በ2003 በወጣ ሕግ መሠረት ጎረቤትዎ ለአካባቢው አስተዳደር ሊከስዎት ይችላል። እኛ በገባን በሁለተኛው ዓመት ከወዲያ ማዶ ካለ ቤት በጣም ትሑት የሆነ ደብዳቤ ደረሰን። ሦስት ጊዜ ካነበብነው በኋላ ነው ቁጣ መሆኑ የገባን።

ዋጋው

ቤት መሥራት ስለማይቻል ያለው ቤት ውድ ነው። አካባቢው ከለንደን ውጭ ካሉት ውድ ቦታዎች ውስጥ ይቆጠራል። በመጠጥ ቤቱ የሚያስተናግደው ወጣት ተወልዶ ያደገው እዚሁ መንደር ነው፤ ማታ የሚያድረው ግን የቤት ኪራይ በሚቀምስበት ሌላ ከተማ ነው። ያደገበትን ጸጥታ ለእኛ ለመጤዎች ትቶ ወጥቷል ማለት ይቻላል። ስለዚህ ጉዳይ ሲነሳ የእኔ ድምፅ ትንሽ ዝቅ ይላል፤ ስለ ቤት ሥራ ፈቃድ ተቃውሞ ፊርማ ሲዞር ፈርሜ አውቃለሁና።

ብዙ ወላጆች ወደዚህ የሚመጡት ለትምህርት ቤቱ ነው። ቡኪንግሃምሻየር እስከ ዛሬ ድረስ ልጆችን በፈተና ከሚለዩ ጥቂት አካባቢዎች አንዱ ነው፤ 13 የመንግሥት ግራመር ትምህርት ቤቶች አሉት። ክፍያ የላቸውም፤ ለመግባት ግን ልጁ ኢለቨን ፕላስ የሚባለውን ፈተና ማለፍ አለበት። ፈተናው የሚሰጠው አብዛኛው ልጅ ገና የ10 ዓመት ልጅ ሳለ ነው። ጸጥ ባለው መንደር ውስጥ ጸጥ ያላለ ነገር ቢኖር የእነዚህ እናቶችና አባቶች ልብ ነው። ማታ ማታ በየቤቱ መብራት የሚበራው ለዚህ ነው።

ሌላም ልንገርዎት። ልጄ በክፍሏ ውስጥ ብቸኛዋ ጥቁር ልጅ ናት። የከፋ ነገር አልደረሰባትም። ነገር ግን ሹሩባ ተሠርታ በሄደች ቁጥር ጸጉሯን የሚነካ እጅ አለ፤ አንድ ቀን «ለምንድን ነው እኔን ብቻ የሚያዩኝ?» ብላ ጠየቀችኝ። ለንደን ቢሆን ይህ ጥያቄ አይነሳም ነበር። በወር አንድ ቅዳሜ ለንደን ወርደን፣ ከኢትዮጵያውያን ልጆች ጋር ስትጫወት ውላ የምንመለሰው ለዚህ ነው። ለመምጣት ካሰቡ የባቡሩን ወጪ በበጀትዎ ውስጥ ያስገቡ፤ እንደ ቅንጦት አይቁጠሩት።

መኪናም ግድ ነው። አውቶቡሳችን በቀን አራት ጊዜ ያልፋል፣ እሁድ ጭራሽ የለም። በብዙ የእንግሊዝ ገጠሮች ባቡር የነበረው ከ1963ቱ የቢቺንግ ሪፖርት በኋላ ነው የተዘጋው። የኢትዮጵያ መንጃ ፈቃድ ደግሞ መኖሪያዎን ካደረጉ በኋላ የሚያገለግለው ለ12 ወራት ብቻ ነው፤ ከዚያ እንደገና መፈተን አለብዎት። አንዲት ወዳጃችን ሦስት ጊዜ ወድቃ በአራተኛው አለፈች። በዚያ መሃል ያለፈው ክረምት እንዴት እንደነበር እንዳትጠይቋት።

ስድስት ወር ከእናቴ ጋር

እናቴ የመጣችው ባለፈው ዓመት በጥቅምት፣ በስድስት ወር የጉብኝት ቪዛ ነው። የልጅ ልጇን ለማየት ነበር፤ ቤቱም እንዲሞቅልን። በመጣች በሳምንቱ የአገሩ ሰዓት በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ተመለሰ፤ ከዚያ ወዲያ ቀኑ እየተሸራረፈ ሄደ። በታኅሣሥ ፀሐይ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ገደማ ትወጣና ከቀኑ 10 ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለች። እኛ በጨለማ ወጥተን በጨለማ እንመለሳለን። እሷ በመሃል ያለውን ብርሃን ብቻዋን ትጠብቃለች።

መጀመሪያ አልገባኝም። ስንመለስ እራት ደርሷል፣ ልብስ ተጣጥፏል። አንድ ቀን ቀደም ብዬ ስገባ ግን ቴሌቪዥኑ ድምፁ ከፍ ብሎ ስለ አሮጌ ዕቃ ጨረታ ይለፈልፋል፤ እሷ ጀርባዋን ሰጥታው በመስኮት ታያለች። «የምታይው ካልሆነ ላጥፋው?» አልኳት። «ተወው፤ የሰው ድምፅ ይሁንልኝ ብዬ ነው» አለች። ምሳዋን አልነካችውም ነበር። ያን ዕለት ማታ ቲኬቷን ስለማሳጠር ተነጋገርን።

በዚያው ሰሞን ነው ስለ ጃንሆይ የጠየቀችኝ። በስደታቸው ዘመን፣ ከ1936 እስከ 1940፣ በባዝ ከተማ ዳርቻ ፌርፊልድ ሃውስ በሚባል ቤት ኖረዋል፤ በኋላም በ1958 ለአረጋውያን መጠቀሚያ እንዲሆን ለከተማው ሰጥተውታል። ይህን ስነግራት ፖለቲካውን ትታ አንድ ነገር ብቻ ነው ያለችው፤ «ታዲያ ክረምቱን ከማን ጋር ነበር የሚጫወቱት?»

እንግሊዞች ራሳቸው ይህን ችግር ያውቁታል። በ2018 መንግሥታቸው ለብቸኝነት ጉዳይ ኃላፊ የሆነ ሚኒስትር ሾሟል። ያኔ ዜናውን ስሰማ ስቄ ነበር።

የሆነውን ላሳጥርልዎት። በጥር አንድ ቅዳሜ እናቴ ኩሽና ውስጥ ቡና ትቆላ ጀመር። እስከዚያ ድረስ ማሽኑን እንድትጠቀም ለምነናት ነበር፤ ያን ቀን አሻፈረኝ አለች። ጭሱ ኮርኒሱን ሲነካ የእሳት ማስጠንቀቂያው ጮኸ። የዚህን መሣሪያ ድምፅ የማያውቁ ከሆነ፣ ጆሮ የሚበጥስ ነው። መንደሩ በጠቅላላ የሰማው መሰለኝ። ወንበር ላይ ቆሜ በፎጣ ሳራግብ በሩ ተንኳኳ።

የግድግዳ ጎረቤታችን ናቸው፤ ሰማንያዎቹን ያለፉ፣ ባላቸው ከሞቱ ጀምሮ ለብቻቸው የሚኖሩ ሴት። በነጠላ ጫማና በሌሊት ልብስ፣ ከላይ ካፖርት ደርበው መጥተዋል። በስድስት ዓመት ውስጥ የቤታችንን ደፍ ሲረግጡ የመጀመሪያቸው ነበር። እሳት አለመኖሩን ሲያዩ ይቅርታ ጠይቀው ሊመለሱ ዞሩ። እናቴ እንግሊዝኛ አታውቅም፤ እጃቸውን ይዛ አስገባቻቸው።

ሦስቱንም ጠጡ። አቦሉንም፣ ቶናውንም፣ በረካውንም። በስኳር።

ሊሄዱ ሲሉ በሩ ላይ ያሉኝን ግን እስከ ዛሬ አልረሳውም። ልጄ ሕፃን ሳለች ሌሊት ስታለቅስ በግድግዳው በኩል ይሰሙ ነበር፤ ስትራመድ፣ ስትስቅ፣ የልደቷን መዝሙር ስንዘምር ሁሉ ሰምተዋል። መጥተው ማየት እየፈለጉ፣ እንዳያውኩን ብለው ተዉት። እኛም እኮ መብራታቸው እስከ እኩለ ሌሊት ሲበራ እያየን፣ እንዳናውካቸው ብለን ነው የተውነው። ስድስት ዓመት ሙሉ በአንድ ግድግዳ ግራና ቀኝ ተከባብረን ተቀመጥን።

ከዚያ በኋላ ሐሙስ ሐሙስ እናቴ «እትዬ» በምትላቸው በእኚህ ሴት ታጅባ ወደ መንደሩ አዳራሽ መሄድ ጀመረች። ጠዋት ላይ ሻይ፣ ቡናና ኬክ የሚቀርብበት የአረጋውያን መሰባሰቢያ አለ፤ ለስድስት ዓመት ማስታወቂያውን እያነበብኩ አልፌዋለሁ። እናቴ ወሬው ባይገባትም ሹራብ የሚሠሩት ጋ ቁጭ ብላ ጥጥ እንደምትፈትል በእጇ ታሳያቸዋለች። ስኒ በማጠብ ተራ ውስጥም ስሟ ገባ። የቲኬቱ ነገር ተረሳ።

በየካቲት ደግሞ አሎትመንት ተገኘ። አሎትመንት ማለት የአካባቢ አስተዳደር ለነዋሪ በአነስተኛ ኪራይ የሚሰጠው የጓሮ አትክልት መሬት ነው፤ የተለመደው መጠን 250 ካሬ ሜትር ገደማ ነው። ለማግኘት ወረፋው ዓመታት ይፈጃል። እትዬ ግን ከባላቸው ጋር ያለሙት መሬት ነበራቸው፤ ጉልበታቸው ከድቷቸው አረም ወርሶታል። እናቴ አየችው፣ ካልሲዋን በሱሪ ላይ ሳበች፣ አካፋ ያዘች። በሁለት ሳምንት ውስጥ ሁለት መደብ ባቄላ ዘራች፤ ባቄላ እንግሊዞችም በብርዱ የሚዘሩት እህል ነው። እትዬ በሚታጠፍ ወንበር ተቀምጠው ያዟታል። እሷ የማይገባትን ትእዛዝ ሁሉ «እሺ» እያለች የራሷን ትሠራለች።

በሚያዝያ ወደ አገሯ ተመለሰች። እትዬ እስከ መንገዱ ድረስ ወጥተው ሸኟት፤ መኪናው ሲነሳ ሁለቱም አላለቀሱም፣ እኔ ነኝ ያለቀስኩት። ባቄላው ለእኔ ቀረ። ኮሚቴው መሬቱ ጦም ካደረ ለቀጣዩ ተረኛ እንደሚሰጥ በደብዳቤ አስታውሶናል፤ ይኸም ደብዳቤ በጣም ትሑት ነበር። ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት ልጄን ይዤ አረም እነቅላለሁ። ሌሎቹ ባለመሬቶች መጀመሪያ ከሩቅ እጃቸውን አነሱልን፤ ቀጥሎ ስለ ዝናቡ አወሩን፤ በሦስተኛው ቅዳሜ አንዱ የቲማቲም ችግኝ ሰጠን።

በሰኔ መጨረሻ፣ ምሽቱ እስከ 3 ሰዓት ከ20 ድረስ ብርሃን በሚሆንበት ሰሞን፣ እሸቱ ደረሰ። ልጄ ከነልጡ እየፈለቀቀች ጥሬውን ስትበላ ከአጥሩ ወዲያ ያሉት ባልና ሚስት ቆመው አዩዋት፤ እዚህ ካልተቀቀለ አይበላም። አቀበለቻቸው። ባልየው አንድ ፍሬ ቀምሶ ጥቂት ካሰበ በኋላ ሁለተኛ ጠየቀ።

ዘንቢሉን ሞልተን እንደገባን ለእናቴ በቪዲዮ ደወልን። ከኋላዋ የታክሲ ጥሩምባ ይሰማል። ባቄላውን አስጠግተን አሳየናት። ደስ ብሏት አንድ ጊዜ እልል አለችና ወዲያው ፊቷን ኮስተር አድርጋ፣ «ለእትዬ አደረሳችሁላቸው?» አለች።

አላደረስንም ነበር። በሳህን ሞልቼ፣ ጫማዬን አጥልቄ ወጣሁ። ሳልደውል።